«ኮምፒዩተሩን ልሽጠው ወይ?»

እኔ ከኑሮ ጋር ስታገል፣ እናንተ ደብዳቤ ስትጽፉ ሳምንቱ አለቀ። ከመጡት ደብዳቤዎች መሀል ግን አንዷ እንቅልፍ ነሳችኝ። ላኪው የ26 ዓመት ወጣት ነው፤ ሰፈሩ ቦሌ ቡልቡላ፣ ኮንዶሚኒየም። ስሙን እንደ ልማዳችን እንተወውና ነገሩን ከራሱ አፍ ስሙት።

«ሥራዬ ሞሽን ግራፊክስ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ለአንድ የቴሌቪዥን ፕሮግራም አዘጋጅ ድርጅት መግቢያና ማስታወቂያ ስሠራ ኖርኩ። ድርጅቱ ፕሮግራሙን ሲያቆም እኔም ቆምኩ። ሠርግ የሚቀርጹ ቪዲዮ ቤቶች ዘንድ ብሄድ ‹እኛ የተዘጋጀ አለን፣ የሙሽሮቹን ስም ብቻ ነው የምንቀይረው› አሉኝ። ይኸው አምስት ወሬ። ኮምፒዩተሩን እናቴ በዕቁብ ብር ነው የገዛችልኝ። አሁን አንድ ሰው ቅዳሜ መጥቶ ቀብድ ሊከፍለኝ ነው። ሸጠህ ከጓደኛህ ጋር ባጃጅ ግባ ይሉኛል። እርስዎ ምን ይላሉ? ልሽጠው ወይ?»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ መጀመሪያ ልጽፍለት ያሰብኩት «አይዞህ! ተስፋ አትቁረጥ!» የሚል ነበር። ግን እንዲህ ያለ ምክር ማን ያጣል? የቤት ኪራይ አይከፍል፣ ሽሮ አይገዛ! ስለዚህ ብዕሬን አስቀመጥኩና ታክሲ ያዝኩ።

ዳንቴል የለበሰው ኮምፒዩተር

ከሳሪስ አቦ «ቡልቡላ! ቡልቡላ ማርያም!» በሚል ረዳት ተጠርቼ ተሳፈርኩ። ማዞሪያው ላይ ወርጄ፣ ልጁን በስልክ ፈልጌ፣ ደረጃውን ሦስት ፎቅ ወጣሁ። እናትየዋ በር ላይ ተቀበሉኝ። ቡናው ተቆልቶ ቤቱ ታጥኗል። ኮምፒዩተሩ ጥግ ላይ፣ እንደ ቴሌቪዥን ነጭ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። ልክ እንደ ታመመ ሰው…

«ልጄ፣ ጋዜጣ ላይ ትጽፋለህ አሉኝ» አሉኝ ወይዘሮዋ ስኒ እያቀረቡ። «እስቲ አንተ ምከርልኝ። ሌሊቱን ሙሉ እዚህ ላይ አፍጦ ያድራል፣ ቀን ይተኛል። ጎረቤት ‹ልጅሽ ምን ይሠራል?› ሲለኝ ምን ብዬ ልመልስ?»

ልጁ አንገቱን ደፋ። እኔም ለእሳቸው መልስ ከመስጠቴ በፊት «እስቲ አሳየን» አልኩት። ዳንቴሉን አነሳው።

ይሄኔ በላያችን አውሮፕላን አለፈ። ቡልቡላ እኮ የኤርፖርት ጎረቤት ነች! «ድምፅ ስቀዳ በሁለት አውሮፕላን መሀል ነው» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሥራውን አየን። ፊደላት ከግራ እየበረሩ መጥተው ቃል ይሠራሉ። የአንድ ሱቅ ምልክት እንደ አበባ ይፈነዳል። የከተማዋ ካርታ ላይ መንገዱ ራሱን እየሳለ ይሄዳል። እናትየዋ ስኒውን እንደያዙ ቀሩ። «ይሄንን አንተ ነህ የሠራኸው? እኔ እኮ ጌም የምትጫወት ነበር የሚመስለኝ!»

አራት ዓመት አንድ ጣራ ሥር ኖረው አላዩትም። ጉድ እኮ ነው! እናንተስ? ሥራችሁን ለቤተሰባችሁ አሳይታችሁ ታውቃላችሁ?

ለመሆኑ ምንድነው ነገሩ?

የዜና ሰዓት ሲደርስ የሚሽከረከረው ምልክት፣ ከተናጋሪው ሥር የሚወጣው ስም፣ ማስታወቂያ ላይ የሚደንሰው ዋጋ ሞሽን ግራፊክስ ይባላል። ካሜራ ያላየውን ነገር በሥዕሉ ላይ መጨመር፣ ያየውን ደግሞ መደምሰስ ቪዥዋል ኢፌክት ነው። የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። ፈረንሳዊው ዦርዥ ሜልዬስ፣ ፊት አስማተኛ የነበረው ሰው፣ በካሜራ ብልሃት ሰው ማጥፋትና ማምጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው። አሜሪካዊው ሶል ባስ በ1950ዎቹ የፊልም መግቢያ ጽሑፎችን አንቀሳቅሶ ስሙን ተከለ። እ.ኤ.አ. በ1993 ደግሞ አፍተር ኢፌክትስ የተባለው ፕሮግራም ወጣና ድሮ ትልቅ ስቱዲዮ ይጠይቅ የነበረው ሥራ ጠረጴዛ ላይ ወረደ። ይኸው ዛሬ ቡልቡላ ሦስተኛ ፎቅ ደርሷል።

በእኛ አገር በቴሌቪዥን አንድ ሰከንድ ማለት 25 ሥዕል ነው። የአሥር ሰከንድ ማስታወቂያ 250 ሥዕል ይሆናል። ኮምፒዩተሩ አንዱን ሥዕል ለመጨረስ ሁለት ደቂቃ ቢፈጅበት፣ 250ው 500 ደቂቃ፣ ማለትም ከስምንት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ልጁ ሌሊቱን የሚያድረው ለዚህ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ብትሄድስ? አይ እሱን ተዉት!

ሽልማት ይዞ መክሰር

ቡናው ሁለተኛ ላይ ሲደርስ ጠየቅሁት። «ጽሑፍና ምልክት ከማንቀሳቀስ ሌላ ምን ትሠራለህ?» «ይሄንኑ ነው።» «ከዚያ ድርጅት ሌላ ለማን ሠርተሃል?» ዝም አለ። የበሽታው ስም ያኔ ታወቀኝ። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይላሉ አበው። ወንድማችን አንድ ሙያ፣ አንድ ደንበኛ ይዞ አራት ዓመት በአፈር ተጫውቷል።

ደግሞ ይሄ የቡልቡላ ችግር ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ሪዝም ኤንድ ሂውዝ የሚባል የታወቀ የቪዥዋል ኢፌክት ኩባንያ ነበር። «ላይፍ ኦቭ ፓይ» ፊልም ላይ ከልጁ ጋር በጀልባ የሚጓዘውን ነብር ያስታወሳችሁ? አብዛኛውን ያ ነብር የሚታይበትን ቦታ በኮምፒዩተር የሠሩት እነሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. የካቲት 2013 ኪሳራ አወጁ። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ በዚያው ፊልም የኦስካር ሽልማት ተሸለሙ! ሽልማቱን የተቀበለው ባለሙያ ስለ ኩባንያው ችግር ሊናገር ሲል ሙዚቃ ለቀውበት ንግግሩ ተቋረጠ። ውጭ ደግሞ የሙያው ሰዎች ሰልፍ ወጥተው ነበር።

ምን ጣላቸው? አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ሥራውን በቁርጥ ዋጋ ይዋዋላሉ፤ ከዚያ የፊልሙ ባለቤቶች «ይሄን ቀይሩ፣ ያንን ድገሙ» ይላሉ። ዋጋው አይጨምርም፣ ሥራው ይጨምራል። እዚያ ነብር ነው፣ እዚህ «ወንድም፣ ትንሽ አስተካክልልኝ» ነው። በሽታው አንድ ነው። እ.ኤ.አ. የካቲት 2025ም ቴክኒከለር የተባለው ትልቅ ቡድን ሲወድቅ በሥሩ ያሉ ስመ ጥር የኢፌክት ስቱዲዮዎች ተንገዳግደው ብዙ ሰው በአንድ ሳምንት ሥራ አጥቷል።

ታዲያ ትልልቆቹ እንዲህ ከሆኑ እኛ ምን ተስፋ አለን? ቆዩማ!

ባለ አራት ኪሷ ልጅ

ከዚያው ከቡልቡላ ሳልወጣ፣ 93 ማዞሪያ አካባቢ ወደምትኖር አንዲት የሙያው ሰው ዘንድ ልጁን ይዤው ሄድኩ። 29 ዓመቷ ነው። ከእህቷ ጋር ትኖራለች። ቀጣሪ የላትም፣ ግን ሥራ ፈትታም አታውቅም። ምስጢሩን ጠየቅናት።

«እኔ አራት ኪስ አለኝ» አለችን። «አንደኛው፣ ለሪል ስቴትና ለአርክቴክቶች ያልተሠራ ቤት ተሠርቶ እንዲታይ በሦስት ማዕዘን… ይቅርታ፣ በስሪዲ እሠራለሁ። ሁለተኛው፣ ስለ ጤናና ስለ ንጽሕና የሚያስተምሩ አጫጭር አኒሜሽኖች ናቸው። ሦስተኛው፣ የዘፋኞች ክሊፕ ላይ ቀለም ማስተካከል፣ ከኋላ የገባ ምሰሶና ሽቦ መደምሰስ። አራተኛው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ልጆች አስተምራለሁ። ክረምት ሲገባ ቀረጻው ይቀዘቅዛል፤ ያኔ በቤቶቹ እኖራለሁ። ግንባታ ሲቆም ደግሞ በአኒሜሽኑ። አንዱ ኪስ ሲቀደድ ሌላው ይይዛል።»

ልጁ «አራቱንም በአንድ ጊዜ እንዴት ተማርሽው?» አላት።

«ማን አለህ በአንድ ጊዜ! በዓመት አንድ ነው የጨመርኩት። ደግሞ ጎረቤቱን ነው የጨመርኩት። ጽሑፍ ማንቀሳቀስ ከቻልክ ሥዕል ማንቀሳቀስ ጎረቤት ነው። ሥዕል ካንቀሳቀስክ ስሪዲው ጎረቤት ነው። ሰው ከጎረቤት ጀምሮ ነው አገር የሚያውቀው።»

ግን ሁሉም ጣፋጭ እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ አካባቢ ለአንድ ደንበኛ ያለ ቀብድ፣ ያለ ወረቀት ሦስት ሳምንት ሠርታ አንድ ብር ሳታገኝ ቀርታለች። «ስልኩን ዘጋብኝ። አልቅሼ ተኛሁ። ከዚያ ወዲህ ግማሹን ቀብድ ካልተቀበልኩ ኮምፒዩተሬን አልከፍትም። እርማት ሁለቴ በነፃ ነው፣ ሦስተኛው ይከፈልበታል። ይሄንን በአንድ ገጽ ወረቀት እንፈራረማለን።» ሪዝም ኤንድ ሂውዝ ያጣውን መድኃኒት 93 ማዞሪያ አገኘሁት ብላችሁ ትስቁብኝ ይሆን?

ልጁ እየወጣን «እሷ ዲግሪ ይኖራታል» አለኝ በሹክሹክታ። የላትም። እኔም የለኝም፤ 12ኛ ጨርሼ ነው ብዕር ያነሳሁት። እኔም በጽሑፍ ልክ እየተከፈለኝ የምኖር ነኝና የአንድ ደንበኛን ነገር አውቀዋለሁ። እርግጥ መማር ለሚችል በር አለ፤ ስድስት ኪሎ አጠገብ ያለው፣ በ1950 ዓ.ም. አካባቢ በአለ ፈለገ ሰላም የተመሠረተው የሥነ ጥበብ ት/ቤት ሥዕልና ዲዛይን ያስተምራል። እጅ መሳል ያልቻለ ኮምፒዩተር አይስልለትም።

ከሳሎን የተነሳችው ቀጭኔ

«እሺ፣ ግን በዚህ አገር በዚህ ሙያ የት የደረሰ አለ?» ትሉኝ ይሆናል። ፀሐይን ታስታውሷታላችሁ? «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን!

ብሩክታዊት ጥጋቡ የመጀመሪያ ደረጃ ት/ቤት አስተማሪ ነበረች። ባለቤቷ ሼን ኤትዘንሃውዘር የኮምፒዩተር ሰው ነው። የቴሌቪዥን ትምህርት ቤት አልገቡም። ከካልሲ አሻንጉሊት ሠርተው፣ ሳሎናቸውን ስቱዲዮ አድርገው ነው የጀመሩት። ከእነሱ እጅ የወጣችው ትንሿ ቀጭኔ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየች፤ በ2008 የጃፓን ሽልማትን አገኘች። ብሩክታዊትም በ2010 የሮሌክስ ወጣት ተሸላሚ ሆናለች። ድርጅታቸው ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ በዚያ አልቆመም፤ «ጥበብ ገርልስ» የተባለውን፣ ሴት ልጆች ጎጂ ልማድን የሚታገሉበትን አኒሜሽንም ሠርቷል። ልብ በሉ፤ ድርሰቱንም፣ ድምፁንም፣ ቀረጻውንም፣ ኮምፒዩተሩንም ጎረቤት ለጎረቤት እየጨመሩ ነው የሄዱት። አንድ ነገር ብቻ እንሠራለን ቢሉ ኖሮ ፀሐይ ካልሲ ሆና ትቀር ነበር።

ሌላም ልጨምር። አዲስ አበባ ተወልዶ ኒውዮርክ የሚኖረው ሠዓሊ ዕዝራ ውቤ እ.ኤ.አ. በ2011 «ሂሳብ» የተባለች አጭር አኒሜሽን ሠርቷል። አንድ ሸራ ላይ ይስላል፣ ፎቶ ያነሳል፣ በላዩ ላይ ደግሞ ይስላል። ታሪኩ ሁላችንም የምናውቀው የታክሲ ቀልድ ነው። አህያ፣ ውሻና ፍየል ታክሲ ተሳፈሩ። አህያ ሒሳቧን ከፍላለችና መኪና ሲመጣ ከመንገድ አትነሳም። ውሻ መልሱን አልተሰጠውምና መኪና ያባርራል። ፍየል ሳትከፍል ወርዳለችና መኪና ስታይ ትሸሻለች። ውድ ማሽን የለ፣ የሆሊውድ ጭራቅ የለ። የታክሲ ወሬያችን ለዓለም ዕይታ በቃ። እኛ ግን ነጋ ጠባ የፈረንጅ እሳትና ፍንዳታ እንቀዳለን!

እስቲ ወደ ቁም ነገሩ

ለልጁ የነገርኩትን፣ ከባለ አራት ኪሷም የተማርኩትን ለእናንተም ላካፍል።

1ኛ. ፊደላችሁን ያዙ። የውጭ አገር የተዘጋጀ መግቢያ ለእንግሊዝኛ ፊደል ነው የተሰፋው። የእኛ ፊደል ሰፊ ነው፤ ካፒታልና ትንሽ የሚባል ነገር የለውም፤ እዚያ ውስጥ ስታስገቡት ይጨናነቃል። አሳምሮ የሚያንቀሳቅሰው የእኛው ሰው ነው። ደግሞ ደንበኛ በጥንቱ የግዕዝ ፕሮግራም የተጻፈ ከላከላችሁ እዚያው በዩኒኮድ አስጽፉት፤ አለዚያ «እንኳን አደረሳችሁ» ያለው የጉንዳን ሰልፍ ይሆናል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ምክንያት የለም!

2ኛ. መብራትን አትመኑ። ሬንደር ስታደርጉ በአንድ የቪዲዮ ፋይል አታስወጡ፤ ሥዕል በሥዕል አስወጡት። 180ኛው ካለቀ በኋላ መብራት ቢሄድ ከ181 ትቀጥላላችሁ። ቪዲዮ ከሆነ ግን ስምንቱ ሰዓት ከሰመ።

3ኛ. ነፃውን ተጠቀሙ። ብሌንደር የተባለው የስሪዲ ፕሮግራም ነፃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ተጠቃሚዎቹ በሰባት ሳምንት 100 ሺህ ዩሮ አዋጥተው ነው ለሁሉም ክፍት ያደረጉት፤ ዕቁብ በሉት። በዚሁ ፕሮግራም የተሠራው «ፍሎው» የተባለ የላትቪያ ፊልም በ2025 ኦስካር ወስዷል። ዳቪንቺ ሪዞልቭም ለቀለምና ለኢፌክት የሚበቃ ነፃ ዓይነት አለው።

4ኛ. የአንድ ደቂቃ ሥራ ይኑራችሁ። ደንበኛ ወሬ አይገዛም። ምርጡን ብቻ ሰብስባችሁ፣ አንድ ደቂቃ አድርጋችሁ ስልካችሁ ላይ ያዙ። ሥራ ከሌለ የሰፈር ክሊኒክ፣ የመዋዕለ ሕፃናት፣ የዳቦ ቤት ማስታወቂያ ለናሙና ሠርታችሁ አሳዩ። አንዱ «ስንት ነው?» ይላል።

5ኛ. ማሽኑ ራሱ መጥቷል። ጽሑፍ ሲነግሩት ሥዕልና ቪዲዮ የሚሠራ ሰው ሠራሽ አስተውሎት እየተስፋፋ ነው። ስም ብቻ የመቀየር ሥራ ያከትምለታል። ዛሬ ብዙዎቹ በአማርኛ ጻፉ ሲሏቸው ፊደል መሳይ ነገር ያወጣሉ፤ ነገ ግን ይማራሉ። እናንተም ተማሩበት። ምን መታየት እንዳለበት፣ ለማን፣ ለምን የሚለውን የሚያስብ ሰው ግን አሁንም ይፈለጋል።

6ኛ. ከውጭ ደንበኛ ጋር ከመስማማታችሁ በፊት ገንዘቡ በምን መንገድ እንደሚደርሳችሁ ባንካችሁን ጠይቁ። ሠርቶ መቀበያ ማጣት ከሥራ ማጣት ይብሳል።

ልሽጠው ወይ?

አሁን ወደ ጥያቄው። ልጁ «የገዛሁበትን ብር አትርፎ ሊገዛኝ ነው» አለኝ። አትርፎ! ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ዋጋ በገበያ ሲወሰን ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ወዴት እንደወጣ ታውቃላችሁ። ተመሳሳዩን ኮምፒዩተር ሱቅ ጠይቆ ነበር፤ እጥፍ ሆኗል። ዛሬ የሸጠውን ነገ በዚያ ብር አይመልሰውም።

ቢሆንም «በጭራሽ አትሽጥ» አላልኩትም። የምር እንነጋገር ካልን፣ እናት በዕቁብ የገዛችው ዕቃ ዳንቴል ለብሶ ከተቀመጠ ጌጥ ነው። እንዲህ ተባባልን። ሦስት ወር። በሦስት ወር ውስጥ አንድ ጎረቤት ሙያ ይጨምራል፣ የአንድ ደቂቃ ሥራውን ይዞ አሥር በር ያንኳኳል። አንድም ካልተከፈተ ይሽጠው፤ እኔም እጄን አነሳለሁ። ባጃጅ መንዳት ነውር የለውም። ሥራ ነው።

ቅዳሜ ማታ ስልክ ደወለልኝ። ገዢው መጥቶ፣ ተቆጥቶ ሄዷል። እሱም በጓደኛው ባጃጅ ላይ ጠዋት ጠዋት ተተኪ ሹፌር ሆኗል፤ የቤት ወጪ ሦስት ወር አይጠብቅማ! ባለ አራት ኪሷም የቅዳሜ ክፍሏ ውስጥ በነፃ አስገብታዋለች፤ ክፍያው ለእሷ ሥራ የአማርኛ ጽሑፎቹን ማንቀሳቀስ ነው። በር ማንኳኳቱን ጀምሯል። ሦስቱ «እንደውልልሃለን» ብለውታል፤ ትርጉሙን ታውቁታላችሁ። አራተኛው፣ አንድ መዋዕለ ሕፃናት፣ ሀ ሁ የሚያስተምር አጭር አኒሜሽን አዝዞታል። ብዙ ብር አይደለም። ግማሹን ቀብድ ግን ተቀብሏል!

«እናትህስ?» አልኩት።

«ጎረቤት ሲጠይቋት ‹ልጄ ፊደል ያስኬዳል› እያለች ነው» አለኝና ሳቀ። በላያችን… ይቅርታ፣ በላዩ አውሮፕላን አለፈና ስልኩ ውስጥ የቀረውን አልሰማሁትም።

ሦስቱ ወር ሲያልቅ ያለውን አጫውታችኋለሁ። እስከዚያው እናንተም የተሸፈነ ነገር ካላችሁ ዳንቴሉን ገለጥ አድርጉ። ሳምንት በሰላም ያገናኘን!